ሁሉም «ከባድ» አይደሉም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የምሠራው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው። በየወሩ ለለጋሾች የእንግሊዝኛ ሪፖርት እጽፋለሁ። ‹ይህ ካልተደረገ ይህ ይከተላል› የሚል ዓረፍተ ነገር መቼም አይጠፋም። ባለፈው ወር ለምሳሌ ‹የውኃ ፓምፑ ካልተጠገነ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ ይኖራል› ብዬ ጽፌያለሁ። ሁልጊዜ ሲሪየስ ነው የምለው። አለቃዬ ‹ድግግሞሽ በዛ፣ ቃል ቀያይር› አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ረጅም ዝርዝር አገኘሁ፤ ሲቪየር፣ ግሬቭ፣ ዳየር፣ አድቨርስ፣ ዲቫስቴቲንግ፣ ካታስትሮፊክ፣ ፋር-ሪቺንግ፣ ሌላም ሌላም። መዝገበ ቃላት ስከፍት ግን አብዛኞቹ ‹ከባድ› ወይም ‹አስከፊ› ናቸው። እያፈራረቅኩ ብጠቀምባቸው ችግር አለው? ከቀላሉ እስከ ከባዱ በደረጃ ቢያስቀምጡልኝስ?»

ችግር አለው። በደረጃም አላስቀምጣቸውም። የአንድ መሰላል እርከኖች ስላልሆኑ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ መናገር አይቻልም።

የግራ መጋባቱ ምንጭ አማርኛችን ነው። እኛ ዘንድ «ከባድ» የማይሸከመው ነገር የለም። ዝናቡ ከባድ ነው፣ ፈተናው ከባድ ነው፣ በሽታው ከባድ ነው፣ ሰውየው ራሱ ከባድ ሰው ነው። ከአነጋገሩ ስለምንረዳው ማንም አይቸገርም። እንግሊዝኛ ግን ይህን አንድ ሸክም ለብዙ ትከሻ አከፋፍሎታል። አንዱ ቅጽል «ምን ያህል ያማል?» ለሚለው ይመልሳል። ሌላው «መጨረሻው ምን ይሆናል?» ለሚለው። ሌላው «እስከ የት ይደርሳል?» ለሚለው። «የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» እና «ታስቦበት ነው ወይስ ሳይታሰብ?» ለሚሉትም የየራሳቸው ቅጽል አላቸው። እርስዎ ቃል የቀየሩ እየመሰልዎት መልሱን ይቀይሩታል።

ከቅጽሉ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ኮንሲኩዌንስ የላቲን ሥሩ «ተከትሎ መምጣት» ነው። ከእኛው «ያስከትላል» ጋር ሥዕሉ አንድ ነው። አጠቃቀሙ ግን ወደ ክፉው ያዘነብላል፤ ከ«ውጤት» ይልቅ ለ«መዘዝ» ይቀርባል። የጎረቤት ልጅ ማትሪክ ስትፈተን «መዘዙ ስንት መጣላት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ለፈተና፣ ለምርጫ፣ ለላቦራቶሪ ምርመራ ሪዛልት ወይም አውትካም ይላል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ ኮንሲኩዌንስስ» ሲሉ ሰዋስው አይፈርስም፤ ለጆሮ ግን ይሻክራል። ጥሩ ነገር ከሆነ ቤኔፊት ይበሉት። «ኔጌቲቭ ኮንሲኩዌንስስ» ደግሞ ትክክል ነው፤ ግን ብዙም አይጨምርም። መዘዝ መጥፎ መሆኑን አንባቢው ያውቃል።

አድቨርስ ከኔጌቲቭ የሚሻለው በሕግና በሕክምና ወረቀት ላይ ነው። «በእርስዎ ላይ የዞረ» ማለት ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቃል በደንብ ያውቁታል። የክሬዲት ታሪካቸው ታይቶ ብድር ሲከለከሉ የሚደርሳቸው ደብዳቤ «አድቨርስ አክሽን» ይላል። ከአቨርስ ጋር እንዳያምታቱት። አቨርስ የሚባለው ነገሩን የማይወደው ሰው ነው፤ መዘዝ አቨርስ አይሆንም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ትርጉም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ድርጅት ለለጋሹ የሚልከውን ደብዳቤ ሰጠኝ። አማርኛው «ገንዘቡ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተለቀቀ ከባድ መዘዝ ይከተላል» ይላል። ጸሐፊው ያሰበው ሥራው የሚቆምባቸውን መንደሮች ነው። እኔ ቃል በቃል ገለበጥኩት፦ «ዴር ዊል ቢ ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ»። በሳምንቱ መልስ መጣ። ለጋሹ በጨዋ ቋንቋ «ይህን እንደ ማስፈራሪያ እንየው?» ብሎ ይጠይቃል። የድርጅቱ ኃላፊ ደውሎ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እናት ልጇን «ዴር ዊል ቢ ኮንሲኩዌንስስ» ካለችው «ዋ! ታገኛታለህ» ማለቷ ነው። ዲፕሎማቶችም በዚሁ ቃል ይዛዛታሉ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2002 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢራቅን በተመለከተ ውሳኔ 1441ን በ15 ለ0 ሲያሳልፍ፣ ኢራቅ ግዴታዋን መጣሷን ከቀጠለች «ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ» እንደሚጠብቃት ጽፏል። በ1990 ኢራቅን ከኩዌት ለማስወጣት በወጣው ውሳኔ 678 ላይ የነበረው «አስፈላጊውን ዘዴ ሁሉ» የሚለው ሐረግ እዚህ አልገባም። ያኛው ሐረግ በዲፕሎማሲ ቋንቋ ጦርነት እንደሚፈቅድ ሁሉም ያውቃል። ይኸኛውስ ይፈቅዳል? አንዱ ወገን አዎ አለ፣ ሌላው ሌላ ውሳኔ ያስፈልጋል አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ በማርች 2003 ጦርነቱ ተጀመረ። እርስዎ በየወሩ ሪፖርትዎ ላይ የሚያስቀምጡት ቃል ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተጎጂውን ይጥሩ። «ሲሪየስ ኮንሲኩዌንስስ ፎር» ብለው ከኋላው ቤተሰቦቹን፣ ሕፃናቱን፣ አርብቶ አደሮቹን ሲያስከትሉ ዛቻው ወደ ስጋት ይለወጣል። እግረ መንገድዎን «ፎር» የምትለዋን ልብ ይበሉ። እኛ «በገበሬው ላይ የሚያስከትለው መዘዝ» ስለምንል እጃችን ሳናስበው «ኦን» ይጽፋል። «ኦን» ከኢምፓክትና ከኢፌክት ጋር ነው የሚሄደው። ኮንሲኩዌንስ ተጎጂውን በ«ፎር»፣ መንስኤውን በ«ኦቭ» ነው የሚያስረው። የሌሎችን ሪፖርት ሳርም በብዛት የማገኘው ስህተት ይህ ነው።

ወደ ዋናው እንግባ፤ ሲሪየስና ሲቪየር። እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ልዩነቱን በግልጽ ጽፈው ያስቀመጡት የመድኃኒት ደህንነት ባለሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያቸው ሲቪየር የሕመሙ ጥንካሬ ነው። ማይልድ፣ ሞደሬት፣ ሲቪየር ተብሎ ይሰፈራል። ሲሪየስ ግን ነገሩ የሚያደርስበት ቦታ ነው። ሰው ከገደለ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ ከጣለ፣ ሆስፒታል ካስተኛ፣ ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ ካደረገ፣ ወይም ሕፃን ከነጉድለቱ እንዲወለድ ካደረገ ሲሪየስ ነው። እንግዲህ ይታይዎ። ክኒን ውጦ ራሱን ጨምድዶ የያዘው፣ መብራት አጥፍቶ የተኛ ሰው ሕመሙ ሲቪየር ነው። በማግስቱ ተነስቶ ሥራ ከሄደ ግን ሲሪየስ አይደለም። በተቃራኒው ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ማይልድ ሊባል ይችላል፤ ሲሪየስነቱ ግን አይቀርም። በአማርኛ ሁለቱንም «ከባድ» ብለን አልፈናቸዋል።

ለእርስዎ ሥራ የቀረበ ምሳሌ ልጨምር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን እጅጌ ሰብስባ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ ስትጠመጥም አይተው ይሆናል። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ቀዩ ላይ ካረፈ ሲቪየር ይባላል። በ11.5 እና በ12.5 መካከል ቢጫው ነው፣ ሞደሬት ይባላል። ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ሳም» (ሲቪየር አኪዩት ማልኒውትሪሽን) እና «ማም» (ሞደሬት አኪዩት ማልኒውትሪሽን) የሚሏቸው እነዚህን የምግብ እጥረት ደረጃዎች ነው። ስለዚህ የሥነ ምግብ ባለሙያ ለሆነ አንባቢ በሪፖርትዎ መሃል ለማሳመር ብለው «ሲቪየር» ቢጥሉበት፣ ወዲያው «ስንት ሕፃን ቀይ ላይ አረፈ?» ይላል። እርስዎ ግን ለካ ሲሪየስን መድገም ሰልችቶዎት ነው።

እግረ መንገዴን፣ በእነዚህ ምህጻረ ቃላት ውስጥ የተደበቀው አኪዩትም «ከባድ» አይደለም። በድንገት የመጣ፣ የሚያጣድፍ ማለት ነው። አተት ሲባል «አጣዳፊ» ያሉት ሰዎች በትክክል ተርጉመውታል።

ካታስትሮፊክ ደግሞ በእርስዎ መስክ ባለቤት ያለው ቃል ነው። የምግብ እጥረትን በደረጃ የሚከፍለው ዓለም አቀፍ ምደባ 5 እርከን አለው። 3ኛው ቀውስ ነው፣ 4ኛው ድንገተኛ አደጋ፣ 5ኛው ካታስትሮፍ። 5ኛው በአካባቢ ደረጃ ሲታወጅ ረሃብ ነው የሚባለው። ለዚህም መስፈርት አለው። ቢያንስ 20 በመቶው ቤተሰብ ለከፋ የምግብ እጦት የተዳረገ፣ ቢያንስ 30 በመቶ ሕፃናት አጣዳፊ የምግብ እጥረት የገጠማቸው፣ ከ10,000 ሰው በቀን ቢያንስ 2 የሚሞት መሆን አለበት። እንግዲህ 3ኛ ደረጃ ላይ ስላለ ወረዳ «ካታስትሮፊክ ኮንሲኩዌንስስ» ብለው ቢጽፉ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ ወይ አጋነዋል ይላል፣ ወይ ምደባውን አያውቁትም ይላል። ሁለቱም አያምሩም። በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛው 5 ቢመጣስ ምን ቃል ይቀርዎታል?

የቀሩትን የስሜት ቃላት ቶሎ ልለፋቸው። ግሬቭ በላቲን ሥሩ የሚመዝን ማለት ነው፤ ለእኛ «ከባድ» ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። መቃብር የሚባለው ግሬቭ ድምፁ ቢመሳሰልም ሥሩ ሌላ ነው። ኮስታራ ቃል ነው። የመንግሥት መግለጫ ላይ ያምራል፣ የወር ሪፖርት ላይ ከረባት አስሮ ገበያ እንደመውጣት ነው። ዳየር በጥንቱ የመጥፎ ገድ ስም ነበር፤ ዛሬም ገና ስላልመጣ ክፉ ነገር ሲያወሩ ጋዜጠኞች ይወዱታል። ዲዛስትረስ ውስጥ ኮከብ አለ፤ «ኮከቡ የከፋ» እንደማለት ነው። ዲቫስቴቲንግ ባድማ የሚያደርግ ነው፤ ጎርፍ ሰብል ጠርጎ ሲሄድ፣ ወይም ሐዘን ሰውን ሲሰብር ቦታው ነው። ፌታል ካሉ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሰው ካልሞተ አይጻፉት። ኮምፒውተር «ፌታል ኤረር» ሲል የሚሞተው ፕሮግራሙ ብቻ ስለሆነ እሱን ምሳሌ አያድርጉ። ፌትፉል ደግሞ የሚገባው ለውሳኔና ለቀን ነው፤ ዕጣ የቀየረች ቀን ሲባል።

ፋር-ሪቺንግን ለብቻው ላንሳው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከእነዚህ ጎን መቀመጡ አሳሳች ነው። ይህ ቃል ክፉ አይደለም። ስለ ስፋት ብቻ ነው የሚናገረው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት የጋራ ፓነል በ2018 ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመገደብ ፋር-ሪቺንግ ለውጥ ያስፈልጋል ሲል፣ የሚፈለገውን ለውጥ ማለቱ ነበር። ስለዚህ «ከሲቪየር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ «ከቀይና ከረጅም ማን ይበልጣል?» እንደማለት ነው። ጊዜን የሚለኩትም እንዲሁ ናቸው። ላስቲንግ የሚቆይ ነው፤ ኢሪቨርሲብል የማይመለስ። ኢሪቨርሲብልን እንደዋዛ አይበትኑት። መቀንጨር ሕፃኑ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ በአብዛኛው ስለማይስተካከል ቃሉ እዚያ ቦታው ነው። የዘገየ የትምህርት ቁሳቁስ ግን ይደርሳል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጉዳቱ መልክ ነው። የመሆን ዕድሉ ሌላ ጉዳይ ነው። የእናንተም ቢሮ ሪስክ ማትሪክስ (የስጋት መመዘኛ ሰንጠረዥ) ሁለቱን በሁለት ዓምድ ነው የሚጽፋቸው፤ እዚያ የለዩትን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ አይቀላቅሉት። ፖሲብል «አይሆንም አይባልም» ከማለት አያልፍም። ከመቶ አንዱም ፖሲብል ነው፣ ከመቶ ዘጠናውም። ላይክሊና ፕሮባብል ግን ሚዛኑ ወደ መሆን ሲያጋድል ነው። ፖቴንሻል ገና አልሆነም ከማለት በቀር ስለ ዕድሉ ምንም አይነግርም። «ሜይ ፖቴንሻሊ» እያሉ መደራረብ ደግሞ «ምናልባት ሊሆን ይችል ይሆናል» እንደማለት ነው፤ የሚያወራውን የማያምን ሰው ያስመስላል።

ስለ ላይክሊ አንድ እርማት አለኝ። ትምህርት ቤት «በ-ሊ ካለቀ ተውሳከ ግስ ነው» ተብለን ስለወጣን ብዙ ሰው ቅጽል አድርጎ ለመጻፍ ይፈራል። ፍሬንድሊም በ-ሊ ያልቃል፤ ቅጽል ነው። «ዘ ላይክሊ ኮንሲኩዌንስ» ያለ ስጋት ይጻፉት። ለሪፖርት ከዚህ ዝርዝር ሁሉ የምወደው ቃል ቢኖር እሱ ነው።

የዕድል ቃላት ምን ያህል እንደሚያሳስቱ የታየበት ታሪክ አለ። በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትወረር የመቻሏን ነገር ሲገመግሙ «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» አለ ብለው ጻፉ። ይቺ ሲሪየስ እዚህም ገባች። አንድ ባለሥልጣን ከተንታኞቹ አንዱ የሆነውን ሼርማን ኬንትን «ስንት በስንት ማለታችሁ ነው?» አለው። ኬንት እሱ በበኩሉ 65 ለ35 እንደሚሆን ያስብ ነበር። ባለሥልጣኑ ደነገጠ፤ ቃሉን ሲያነብ ከዚያ እጅግ ያነሰ መስሎት ነበር። ኬንት ተመልሶ ሰነዱን አብረውት የጻፉትን ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ 80 ለ20 አለ፣ ሌላው 20 ለ80። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ፈርመዋል። ኬንት ነገሩ ስላልወጣለት በ1964 ለዕድል ቃላት ቁጥር ይሰጣቸው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ ከላይ ያነሳሁት የአየር ንብረት ፓነል ይህንኑ ያደርጋል። እሱ ጋ ላይክሊ ከ66 በመቶ በላይ ነው፣ ቬሪ ላይክሊ ከ90 በላይ። እርስዎ ቁጥር ካለዎት ቁጥሩን ይጻፉ።

ሳይታሰብ ስለሚመጣው መዘዝ ደግሞ ሦስት ቃላት ይምታታሉ። አንኢንቴንድድ ያልታለመ ነው። አንፎርሲን ያልታየ፣ ያልተገመተ ነው። አንፎርሲየብል ማንም ሊገምተው የማይችል ነው። አፋር ውስጥ የተስፋፋውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ይውሰዱት። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከአሥርት ዓመታት በፊት ተተከለ። ፍየሏና ግመሉ ፍሬውን በሉት፤ ዘሩን በየሄዱበት ጣሉት፤ እሾሁ ግጦሹን ዋጠው። ይህ አንኢንቴንድድ መሆኑ አያከራክርም፤ አርብቶ አደሩን ላስቸግረው ብሎ የተከለ የለም። አንፎርሲን ነበር ማለትም ይቻል ይሆናል። አንፎርሲየብል ነበር ለማለት ግን ተክሉን የሚያውቅ ሁሉ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታየ ነገርም ያልታለመ ሊሆን ይችላል። የካንሰር መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪም በሽተኛው እንደሚያስመልሰው ያውቃል፤ ዓላማው ግን ማስመለስ አይደለም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን በ1936 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ርዕሱ ላይ የመረጠው «ያልተገመተ» የሚለውን ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ «ያልታለመ» እያለ ይጠቅሰዋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። ፍርድ ቤት ውስጥ ገንዘብ ነው። በ1951 ሲድኒ ወደብ ላይ ዋገን ማውንድ ከምትባል መርከብ ዘይት ፈሰሰ። ከቀናት በኋላ ከብየዳ በወጣ ፍንጣሪ ተያይዞ በወደቡ ያለ አንድ የመርከብ ማቆሚያ ነደደ። ጉዳዩ ለንደን ድረስ ሄዶ በ1961 ሲወሰን፣ ዘይቱ በውኃ ላይ ሆኖ እሳት ይይዛል ብሎ ሊገምት የሚችል ስላልነበር የመርከቡ ሰዎች ለቃጠሎው አይጠየቁም ተባለ። ስለዚህ የድርጅትዎ ሥራ ላይ የደረሰ ጉድለት «ፎርሲየብል ነበር» ብለው ሲጽፉ «ልናውቅ ይገባን ነበር» እያሉ መሆኑን ይወቁት። እውነት ከሆነ ይጻፉት፤ ግን እያወቁ ይጻፉት።

ኢንኤቪተብልን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። አይቀሬ ማለት ነው። መዘዙ አይቀሬ ከሆነ ለጋሹ ገንዘቡን ምን ሊያደርግበት ይሰጣል?

ኮላተራልም ከዚሁ ጎራ ነው። እኛ ቃሉን ከባንክ ነው የተማርነው፤ ለብድር የሚያዝ ቤት ወይም መኪና። ሥሩ ግን «ጎን» ነው። መያዣውም ከብድሩ ጎን የሚቆም ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። «ኮላተራል ኮንሲኩዌንስስ» ሲባል ከዋናው ፍርድ ጎን ለጎን የሚመጣ መዘዝ ነው። አሜሪካ ፍርድ ቤት ለምታስተረጉሙ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆሴ ፓዲላ የተባለ ከሆንዱራስ የሄደ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት ኖሮ ማሪዋና በማጓጓዝ ተከሰሰ። ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርክ አትባረርም» ስላለው ጥፋቱን አመነ። ተሳስቶ ነበር። የኬንታኪ ፍርድ ቤት መባረር ኮላተራል ስለሆነ ጠበቃው አይጠየቅበትም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2010 ጠበቃ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ቃሉን «የመያዣ መዘዝ» ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ ሰውን አገር ሊያሳጣ ይችላል። «ተጓዳኝ መዘዝ» ይበሉት። ቦምብ ያልታለመለትን ሰው ሲመታ ለሚባለው ኮላተራል ዳሜጅ ግን «ዳፋ» የሚል ጥሩ የራሳችን ቃል አለን።

የመጨረሻው ወጥመድ ኮንሲኩዌንሻል ነው። በተለመደው ንግግር «ቁም ነገር ያለው፣ ብዙ የሚለውጥ» ማለት ነው፤ ኢንኮንሲኩዌንሻል ደግሞ «ከቁም ነገር የማይገባ»። ውል ላይ ሲያገኙት ግን ከቀጥተኛው ኪሳራ ተከትሎ የሚመጣ ኪሳራ ነው። የዘገየው መለዋወጫ ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ መለዋወጫው ስላልደረሰ ፋብሪካው ቆሞ የከሰረው ሌላ ነው። ብዙ የአቅርቦት ውል ሁለተኛውን አልከፍልም ይላል። እዚያ ላይ «ጠቃሚ ጉዳት» ብለው የተረጎሙ አውቃለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውልዎ። ለድግግሞሽ ብለው ቅጽል አይቀይሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንባቢ በሪፖርት ውስጥ ቃል ሲቀየር ነገሩም የተቀየረ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ገጽ ሲሪየስ ያሉትን በሦስተኛው ዳየር ካሉት፣ በመሃሉ ምን እንደባሰ መፈለግ ይጀምራል። ሲሪየስ ትክክል ከሆነ አሥር ጊዜም ይደጋገም። አለቃዎ የሰለቸው ቃሉን አይመስለኝም፤ ከቃሉ ኋላ ምንም አለመኖሩን ነው።

መፍትሔው ቅጽሉን አውጥቶ መዘዙን ራሱን ማስገባት ነው። ፓምፑ ካልተጠገነ ምን ይሆናል? እርስዎ ያውቁታል፤ ቦታው ላይ ነበሩ። ስንት አባወራ ወደ ወንዙ ይመለሳል? ወንዙ የስንት ሰዓት መንገድ ነው? ጄሪካኑን የሚሸከመው ማነው? ባለፈው ዓመት ፓምፑ ሲቆም ጤና ጣቢያው ስንት የተቅማጥ ታማሚ መዘገበ? ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካስቀመጡ ቅጽል ባይኖርም ማንም አይጠይቅዎትም። ቅጽል የሚያስፈልገው ለአርዕስቱና ለማጠቃለያዋ መስመር ነው። እዚያ ሲደርሱ የትኛውን ጥያቄ እየመለሱ እንደሆነ ይወስኑና አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሁለት ቅጽል አይደርድሩ፤ ካታስትሮፊክን ለምደባው ይተዉለት፤ «ፎር» እንዳትረሳ።

የባለፈውን ወር ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦ «ፓምፑ ከክረምቱ በፊት ካልተጠገነ፣ ላይክሊ ኮንሲኩዌንሱ የቀበሌው ቤተሰቦች ወደ ወንዙ መመለሳቸው ነው። ባለፈው ዓመት ይህ ሲሆን በአንድ ወር ውስጥ በጤና ጣቢያው የተመዘገበው የተቅማጥ ታማሚ ይህን ያህል ነበር።» «ይህን ያህል» ባልኩበት ቦታ ላይ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ቁጥሩን አምጥተው ይሙሉበት።